ሥር ያወጣው በርጩማ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ተረቱ ግን ትልቅ ነው። እኔ «ልናገር?» ስላችሁ እናንተ «ተናገሪ፣ ጆሯችን ያንቺ ነው» በሉ።

ልናገር?

እሺ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ዕቃውም ሲከፋው በሚናገርበት ጊዜ፣ ከትልቁ ባሕር ማዶ አንድ ሰፊ የሣር አገር ነበር። በሣሩ መካከል አንድ ምንጭ ነበር። ሌላ ምንጭ አልነበረም። ትልቁም ትንሹም የሚጠጣው ከእሱ ነበር።

ምንጩ መጀመሪያ የአንበሳ ነበር። አንበሳ ምንጩ አፍ ላይ ተጋድሞ፣ «አባቴ ተኝቶበታል፤ እኔም ተኝቼበታለሁ፤ ልጄም ይተኛበታል» ይል ነበር። ውሃ የጠማው ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ልጁን ይሰጣል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ብቻውን ይመለሳል።

አንድ ቀን ጎሽ ጥጃዬን አልሰጥም አለ። ቀንዱን ዝቅ አድርጎ መጣ። ሌሎቹም ከኋላው መጡ። አንበሳን ገፉት፣ ገፉት፣ ገፉት፤ እስከ ባሕሩ ድረስ ገፉት። አንበሳም እየዋኘ ሄደ።

እንስሳቱ ሁሉ ጎሽን ከበቡት። «አያ ጎሽ፣ ንገሥልን!» አሉት።

«አልነግሥም» አለ ጎሽ። «አንበሳን ያባረርነው ቀንድ ያለው አንበሳ ለመተካት ነው እንዴ? ንጉሥ አንፈልግም። ተራ አስከባሪ ግን ያስፈልገናል። ማን ቀድሞ ይጠጣ፣ ማን ይከተል፣ ማን ተጋፋ፣ እሱን የሚያይ።»

«እንግዲያው አንተ ተራ አስከብር» አሉና ከኋላው ተሰለፉ። በዚያ አገር መምረጥ ማለት ይህ ነው። ከምትፈልገው ኋላ ትቆማለህ፤ ሰልፉ የረዘመለት ይቀመጣል።

ጎሽም ከምንጩ አጠገብ አንድ የሾላ ግንድ ቆርጦ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሠራ። በምንጩ ዓይን ጎን፣ እርጥቡ መሬት ላይ አኖረውና ተቀመጠ።

ጠዋት ሰልፉ ሲጀመር ፈጣኖቹ ከፊት፣ ዘገምተኞቹ ከኋላ ይቆማሉ። የመጨረሻዋ እመት ዔሊ ናት። ዔሊ ምንጩ ጋ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትቃረባለች። ውሃው ከበዛ ለእሷና ለሦስት ልጆቿ ይተርፋል። ውሃው ካነሰ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠማው የእሷ ቤት ነው። ስለዚህ ምንጩ መቀነሱን ከሁሉ በፊት የምታውቀው ዔሊ ናት። ይህን አትርሱብኝ።

ጎሽ አንድ ክረምት ተቀመጠ። ሁለት ክረምት ተቀመጠ። ሁለተኛው ክረምት ባለቀ ማግስት፣ ሰልፉ እንደ ቆመ፣ ጎሽ ማንም ሳይናገረው ብድግ አለ። በርጩማውን በቀንዱ አነሣና ግልብጥ አድርጎ፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ አቆማቸው።

እንስሳቱ ደነገጡ። ጦጣ ከቅርንጫፍዋ ወደቀች። ጅግራ እየበላች የነበረው እህል ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ከመቀመጫው በገዛ እግሩ የተነሣ ማን አይቶ ያውቃል? አንበሳ እንኳ የተነሣው ተገፍቶ ነው!

«ኧረ ጉድ! ታመህ ነው?» አሉት።

«አልታመምኩም።»

«ተቀይመኸን ነው?»

«አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ማን አባረረህ?»

«ማንም አላባረረኝም። ሁለት ክረምት ይበቃል። ሣሬ ናፍቆኛል። ሌላ ሰልፍ ያዙ።»

ጉዱ በዚህ አላበቃም። የተገለበጠው በርጩማ ሳለ። ከሳለ በኋላ ተናገረ! ለካ የበርጩማ አፉ ያለው ከሆዱ ሥር ነው። የተቀመጠበት እያለ አፉ ወደ ጭቃው ነው፤ መናገር አይችልም። ሲገለበጥ ግን ፀሐይ ያያል፣ የሰማውን ሁሉ ይናገራል።

«እፎይ!» አለ በርጩማ። «ይህ ጎሽ ከባድ ነው፤ ወገቤን ቆርጦታል። ሁለት ጊዜ የአክስቱን ልጆች ያለ ተራ አጠጥቷል፣ ሰምቻለሁ። ግን ሳይነገረው ተነሣ። እንዲህ ያለውን በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም።»

ጎሽ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ነው፤ አጠጥቻለሁ» አለ። ደግሞ ደነገጡ።

ሁሉም ሲበተኑ ዔሊ ብቻዋን ቀርታ የበርጩማውን እግሮች አየች። ጫፋቸው ላይ ነጫጭ ክር የሚመስል ነገር በቅሏል።

«አያ ጎሽ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሥር ነው፣ እመት ዔሊ። ሾላ አይደል? እርጥብ መሬት ላይ ሲከርም ሥር ይሰዳል። አሁን ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል።»

«ክፉ ሲቀመጥበት ነው ወይስ እንዲሁ ነው የሚያወጣው?»

ጎሽ ሳቀ። «እሱን እንጨቱን ጠይቂው» አለና ወደ ሣሩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ተቀመጠ፤ ሁለት ክረምት ሲሞላው ገለበጠ። ሌላ ተቀመጠ፤ ገለበጠ። በርጩማውም የእያንዳንዱን ጉድ ተናገረ። አንዱ አዳልቷል፣ አንዱ እየተኛ ተራ አሳልፏል፣ አንዱ ደግ ነበር። ሦስተኛ ክረምት የተቀመጠ ግን አልነበረም። ሕግ ሆኖ ነው? ሕግ አልነበረም። የትም አልተጻፈም። ጎሽ ያላደረገውን ማድረግ ነውር ነበር፤ በቃ።

በኋላ ከርከሮ መጣ። ከርከሮ ጎበዝ ነበር። ሁለት ክረምት ተቀምጦ እንደ ሌሎቹ ገለበጠና ሄደ። ግን ቤቱ ቁጭ ሲል ሰለቸው። ሲሄድ የሚሰለፍለት የለም፤ ሲናገር ዝም የሚልለት የለም። ቀበሮ ይህን አየና ጠጋ አለው።

«አያ ከርከሮ፣ ምነው ጭራህ ወደቀ?»

«ምን ላድርግ? ድርሻዬን ጨረስኩ።»

«የት ተጽፎ?» አለ ቀበሮ። «ጎሽ ስለ ደከመው ተነሣ። አንተ ደከመህ?»

«እኔ? እኔ መቼ ደክሞኝ ያውቃል!»

በማግስቱ፣ ለአዲስ ተራ አስከባሪ ሰልፍ ሲያዝ፣ ከርከሮ ጭራውን እንደ ዱላ አቁሞ ምንጩ ጋ መጣ። «ሦስተኛ ልቀመጥ ነው። ከኋላዬ ተሰለፉ!» አለ።

ዝም። ምንጩ እንኳ መፍለቁን ያቆመ መሰለ።

«ሦስ...ተኛ?» አለች ጅግራ።

የጃርት እሾህ ብድግ ብድግ አለ። በሬ ያመነዠከውን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹ።

«ጎሽ ያልጠየቀውን አንተ ትጠይቃለህ?»

«አንበሳ ሆይ ተመለስ በለና!»

«ሦስተኛ ይላል እንዴ! ነገ አራተኛ ሊለን ነው!»

«ሕጉ የታለ?» አለ ከርከሮ። «የት ተጽፏል? አሳዩኛ!»

ማንም የሚያሳየው አልነበረውም። ግን ከኋላው የቆሙት ቀበሮና የገዛ ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ ቀበሮም ሹልክ ብሎ ወደ ሌላው ሰልፍ ሄደ። ከርከሮ አፈረ። ፊቱን ወደ እነሱ እንዳደረገ፣ በኋላው እየሄደ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬ ከርከሮ ጉድጓዱ የሚገባው በኋላው ነው፤ ጀርባውን ከሰጠ የሚስቁበት ስለሚመስለው ነው።

እመት ዔሊ ያን ቀን ሳቀች። ለልጆቿም እንዲህ አለቻቸው፦ «አያችሁ? በርጩማውን የሚጠብቀው ዘበኛ የለም። የሚጠብቀው ድንጋጤያችን ነው።»

ልናገር?

እንግዲህ ክፉው ዘመን መጣ። ክረምቱ መጣ፤ ዝናቡ ግን ቀረ። ሣሩ አመድ መሰለ። ከበረሃው በኩል ጅቦች ተሰብስበው መጡ። «ምንጩን ልቀቁ!» እያሉ ዙሪያውን ከበቡ።

ያኔ የተመረጠችው ቀጭኔ ነበረች። በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ሦስት ጊዜ ትታጠፋለች፤ ቢሆንም አንገቷ ከሁሉ በላይ ነበር። የጅቦቹን አቧራ ከማንም በፊት ታያለች። «ከምሥራቅ መጡ!» ስትል ቀንድ ያለው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይቆማል። «ከደቡብ መጡ!» ስትል ወደ ደቡብ ይቆማል። ጅቦቹ እየተወጉ ይመለሳሉ።

ሌላም ነገር አደረገች። አንድ ቀን ሙቀቱ ሲበረታ አንገቷን አዙራ የሰልፉን መጨረሻ አየች። «ዛሬ ሰልፉ ከኋላ ይጀምር» አለች።

እመት ዔሊ ሰማችና ቆማ ቀረች። በዕድሜዋ ሙሉ አንደኛ ሆና ጠጥታ አታውቅም! ከልጆቿ ጋር ቀዝቃዛውን ውሃ ጠጣች፤ እንባዋም ውሃው ውስጥ ጠብ አለ።

ቀጭኔ አንድ ችግር ነበረባት። ጆሮዋ ሰማይ ጥግ ነው። ከታች ያሉት የሚሉት በደንብ አይደርሳትም። ስለዚህ ቀበሮ ከበርጩማው ሥር ቁጭ ብሎ መልእክት ያደርሳል። ከታች የሰማውን ወደ ላይ ይጮኻል፤ ከላይ የሰማውን ወደ ታች ያወርዳል። እግረ መንገዱንም ትንሽ ይቀይራል።

ሁለተኛው ክረምት አለቀ። ቀጭኔ ረጅም እግሮቿን ዘርግታ ልትነሣ ስትል ጩኸት ሆነ።

«አትነሺ!» አለ በሬ። «ጅብ ደጅ ቆሞ በር አይነቀልም!»

«ባንቺ ዓይን ነው የምናየው!» አለች ጅግራ።

«አንድ ክረምት ብቻ ጨምሪልን!» አሉ ሁሉም።

ቀጭኔ ግራ ገባት። «ጎሽ ያላደረገውን?» አለች።

ያኔ እመት ዔሊ በእንስሳቱ እግር መሃል እየተሽሎከለከች ወደ ፊት መጣች። «ኧረ ተዉ! ቀጭኔን እኔም እወዳታለሁ። ግን በርጩማው ሾላ ነው። ካልተገለበጠ ሥር ይሰዳል። በዓይኔ አይቻለሁ!»

እንስሳቱ ሳቁ። የጅቦቹ ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ እነሱ ሳቁ።

«በርጩማ ሥር ያወጣል አለችን!»

«ታዲያ ቢያፈራልን አይሻልም? ተቀምጠን ሾላ እንለቅማለን!»

«እማማ፣ ድንጋይ ስለ ተሸከሙ ሁሉም ነገር የሚከብድ ይመስልዎታል!» አለ የከርከሮ ልጅ።

«ቀበሮ፣» አለች ቀጭኔ ከላይ፣ «እማማ ዔሊ ምን አሉ?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «‹ሰልፉን ከኋላ የጀመረችልኝ ልጅ ትባረክ፣ ትቀመጥ› ነው የሚሉት፣ እመቤቴ!»

ቀጭኔም እግሮቿን መልሳ አጠፈች። በርጩማው ሳይገለበጥ ቀረ።

አንዳንዶች ያን ቀን ቅር ብሏቸዋል። ጃርት፣ «ሦስተኛ እኮ ነው...» እያለ ለብቻው አጉተመተመ። ግን ጅቦቹ በዚያው ሳምንት ሲመጡ ቀጭኔ አየቻቸው፤ ጃርትም ዝም አለ።

ሦስተኛው ክረምት አለቀ። አራተኛው ተጀመረ። በዚያን ቀን ምን ሆነ ትሉኛላችሁ? ምንም አልሆነም። የጮኸ የለም፣ የሳቀ የለም፣ የደነገጠ የለም። ጅግራ ከምትለቅመው እህል ቀና እንኳ አላለችም። «አራተኛ ነው አይደል?» አለ አንዱ። «መሰለኝ» አለ ሌላው።

እመት ዔሊስ? አፏን ከፈተች። ያቺ ቀዝቃዛ ውሃ ትዝ አለቻት። ያ ሁሉ ሳቅም ትዝ አላት። አፏን መልሳ ዘጋች። ይህን ስነግራችሁ እኔንም ያሳፍረኛል፤ ግን ዘጋች።

በአራተኛው ክረምት ዝናቡ ተመለሰ። ሣሩ እስከ በሬ ሆድ አደገ። ጅቦቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ በረሃቸው ተመለሱ። ሁሉም ዘፈኑ።

ዔሊ ግን ምንጩ ጋ ስትደርስ ውሃው የለም። በመጀመሪያ ለሁለት ልጆቿ ይበቃ ነበር። ከዚያ ለአንድ። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ብቻ መላስ ሆነ።

«ሰማይ እየዘነበ ምንጭ እንዴት ይደርቃል?» ብላ ጠየቀች።

«የድርቁ ቅሪት ነው፤ ያልፋል» አላት ቀበሮ። ወደ ላይ ግን አልጮኸላትም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ቀጭኔ በተቀመጠችበት አንገቷ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ሁሉም የደከማት መሰላቸው። ጅግራ ጠጋ ብላ አየቻት። ሞታለች።

አገሩ አለቀሰ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አልበሉም። ከኮረብታው ሥር ቀብረዋት፣ ዓይናቸው አብጦ፣ ወደ ምንጩ ተመለሱ።

ሲመለሱ በርጩማው ባዶ አልነበረም። ቀበሮ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦበታል!

«ኧረ ጉድ!» አለ በሬ። «ማን ተሰልፎልህ?»

«ሰልፍ ምን ያደርጋል? የቀጭኔ አፏ ማን ነበር? እኔ። ጆሮዋስ? እኔ። አንገቷ ሞተ፤ የቀረው እነሆ ተቀምጧል።»

«እሺ፣ ለስንት ክረምት ነው?» አለች ጅግራ።

«እሷ አራት ተቀመጠች። እኔ ምን አነሰኝ? አራት። ከዚያ አምስት። ከዚያ... ልጆችም አሉኝ።»

ሁሉም ክው አሉ። ‹ልጄም ይተኛበታል› ያለው ማን ነበር? አንበሳ ነበር!

«አይቻልም!» አለ ጃርት እሾሁን አቁሞ። «ነውር ነው!»

«ነውር?» አለ ቀበሮ። «ያኔ የት ነበርክ? ሦስተኛው ሲሆን አጉተመተምክ፤ አራተኛው ሲሆን አንኮራፋህ። ለምትወዷት ሲሆን ያልደነገጠ ልብ ለእኔ ሲሆን ይደነግጣል? ሕጉ የት ተጽፏል? አሳዩኛ!»

ከርከሮም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ ያኔ ግን ጩኸታቸው መልስ ሆኖላቸው ነበር። አሁን ጩኸቱ ራሱ ከጉሮሯቸው አልወጣ አለ።

በዝምታው መሃል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እመት ዔሊ እየመጣች ነው። ዛሬ ከወትሮው ፈጥናለች። ትንሿን ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። የልጅቷ አንገት ከድንጋይ ልብሷ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ መልሳ ማስገባት አቅቷታል።

«ውሃ» አለች ዔሊ። «ጠብታ ውሃ ስጡኝ፤ ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

ሁሉም ወደ ምንጩ ዞሩ። ምንጩን ለስንት ጊዜ በደንብ አላዩትም ነበር። ዓይኑ ጠቧል። አንድ ጠብታ ይወጣል፣ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ሌላ ጠብታ። በዙሪያው ሣሩ ለምልሞ፣ ሰማዩ ዝናብ ተሸክሞ፣ ምንጩ ሊሞት ነው!

«በርጩማውን ገልብጡት» አለች ዔሊ።

ቀበሮ ሳቀና ዘሎ ወረደ። «ገልብጡት! ከቻላችሁ እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

በሬ መጣ። በቀንዱ ያዘው፣ ጎተተው። በርጩማው አልነቃነቅም አለ። የከርከሮ ልጅ መጣ። በክራንቻው ያዘው፣ ጎተተው። አልነቃነቅም አለ። የጎሽ የልጅ ልጅ መጣ። አያቱ በአንድ ቀንድ ያነሣውን በርጩማ በሁለት ቀንዱ ይዞ፣ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ጎተተው። በርጩማው ቆመ፤ እሱ ወደቀ።

«ድግምት ነው!» አለች ጦጣ።

«ድግምት አይደለም» አለች ዔሊ። «ቆፍሩ።»

ጃርት ቆፈረ። አፈሩ ወደ ኋላ ይበተናል፣ ይበተናል። ድንገት ጃርት ጮኾ ከጉድጓዱ ዘለለ።

ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ያዩትን አላመኑም።

የበርጩማው ሦስት እግሮች ወደ መሬት ወርደዋል። ከእያንዳንዱ እግር እንደ ዘንዶ የወፈረ ሥር ወጥቷል። ሦስቱም ተጠምዝዘው፣ ተጠማዝዘው፣ የምንጩን ዓይን አንቀው ይዘውታል። ውሃውን የሚጠጣው ድርቁ አልነበረም። ጅቡም አልነበረም። መቀመጫው ነበር! እነሱ በሰልፍ ቆመው ሲጠብቁ እሱ ከሥር ያለ ተራ ይጠጣ ነበር።

ጅግራ ክንፏን ፊቷ ላይ አደረገች። «አንድ ክረምት ብቻ ጨምሪልን ያልነው እኛ ነን» አለች በሹክሹክታ።

«ማን ይገባል?» አለ ጃርት። «ቀዳዳው ጠባብ ነው። ሥሩ ሲቆረጥ ውሃው ፈንድቶ የገባውን ይወስደዋል።»

በሬ መሬት መሬቱን አየ። የጎሽ የልጅ ልጅም አየ።

ዔሊ ልጇን ለጅግራ ሰጠችና ምንም ሳትናገር ገባች። ከላይ ሆነው አፏ ሥሩን ሲከረትፍ ይሰማሉ። ከሪፍ። ከሪፍ። አንደኛው ተቆረጠ፤ ምንጩ ተነፈሰ። ሁለተኛው ተቆረጠ፤ ምንጩ አቃሰተ። ከዚያ ዝምታ ሆነ፣ ብዙ ዝምታ።

«እማማ ዔሊ?» ብሎ ተጣራ የከርከሮ ልጅ። ያኔ የሳቀባት እሱ ነበር። «እማማ ዔሊ፣ አሉ?»

ከሪፍ!

ምንጩ ፈነዳ! ውሃው እንደ ቀጭኔ አንገት ወደ ላይ ቆመ። በርጩማው ተነቅሎ ተወረወረና በጀርባው ወደቀ። ከአጠገቡም እመት ዔሊ ተወርውራ በጀርባዋ ወደቀች፤ አራት እግሮቿ ወደ ሰማይ ይንፈራገጣሉ። ጅግራ የመጀመሪያውን ውሃ በምንቃሯ ቀድታ ለትንሿ ዔሊ አፍ ሰጠች። አንድ ጠብታ። ሁለት። በሦስተኛው ትንሿ ዔሊ ዓይኗን ገለጠች፤ አንገቷንም ወደ ውስጥ ሳበች።

ያኔ በርጩማው ሳለ። ጭቃ ተፋ፤ ደግሞ ሳለ፤ ደግሞ ተፋ። የአራት ክረምት ጭቃ ነበር።

«አፌን ለስንት ዘመን ደፈናችሁት!» አለ። «ስሙኝ። ቀጭኔ ክፉ አልነበረችም። በላዬ ከተቀመጡት ሁሉ እንደ እሷ ደግ አልተቀመጠብኝም። ጠዋት ጠዋት ‹ዛሬስ ልነሣ› ትል ነበር፣ ሰምቻታለሁ። ቀበሮም ‹ሕዝቡ እንዳይቀየምዎት› ይላት ነበር፤ እሱንም ሰምቻለሁ።»

«ደግ ከሆነች ለምን ሥር አወጣህ?» ብላ ጮኸች ጅግራ። እያለቀሰች ነበር።

«እኔ እንጨት ነኝ» አለ በርጩማ። «ደግ ተቀመጠብኝ፣ ክፉ ተቀመጠብኝ፣ ከምን አውቄ? እኔ የማውቀው ክረምቱን ነው። ሲበዛ ሥር አወጣለሁ። ከደግ ሥር ያወጣሁትን ክፉው መጥቶ ይቀመጥበታል።»

ሁሉም ከቀበሮ ይልቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ይህ ከሁሉ የከፋው ድንጋጤ ነበር።

ዔሊን አቃኗት። እሷም ውሃ ጠጥታ ስትጨርስ፣ «ቀበሮ እውነት ተናግሯል» አለች። «ለምንወዳት ሲሆን ዝም አልን። እኔም ዝም ብያለሁ፤ ከእናንተ አልሻልም። ነውር ብቻውን አይበቃም። ነውር ይለመዳል። አሁን ድንጋይ አምጡ።»

ትልቅ ድንጋይ አንከባልለው አመጡ። ጃርት በእሾሁ፣ የጎሽ የልጅ ልጅ በቀንዱ ጻፉበት፦ ሁለት ክረምት። ለወደድነውም፣ ለጠላነውም።

«ለወደድነውም» የሚለውን ከላይ ያስጻፈችው ጅግራ ናት።

ከዚያ ተራ አስከባሪ ለመምረጥ ሰልፍ ሆነ። ቀበሮም እንደ ሁሉም መብቱ ነውና ቆመ። ከኋላው ማንም አልቆመም። ጥላው ብቻ ነበረች፤ እሷም ፀሐይ ስትዞር ወደ ሌላ ሄደች።

ያን ቀን የውሃው ሰልፍ የጀመረው ከኋላ ነበር። እመት ዔሊ ጠጥታ ስትመለስ የከርከሮ ልጅ መንገድ እየለቀቀላት፣ «እማማ፣ እንግዲህ ድንጋይ ላይ ተጽፏል፤ ከእንግዲህ አያስፈራም አይደል?» አላት።

«ድንጋይ አይረሳም፣ ልጄ» አለችው። «አንባቢው ግን ይረሳል። ‹አንድ ብቻ እንጨምር› የሚል ስትሰማ፣ የምትወደውም ቢሆን፣ ደንግጥ።»

በዚያ አገር እስከ ዛሬ ይህ ይተረታል፦ መቀመጫ ሲከርም ሥር ያወጣል፤ አገር ሲለምድ ጆሮ ያጣል።

እኔ የሰማሁትን ተናገርኩ። እናንተ ደግሞ ተነሡና የተቀመጣችሁበትን ገልብጣችሁ እዩ።